መምህሮቿን የጠየቀች ሴት፦ ዶክተር ካረን ሆርናይ



ባለፈው ስብሰባችን ከመካከላችን አንዷ የንግግር ሕክምና መማር እንደምትፈልግ ስትነግረን መጀመሪያ ሳቅን። ሰው ቁጭ ብሎ ሰውን ማዳመጥ ምን ትምህርት ያስፈልገዋል፣ ቡና አፍልተን ስንሠራው የኖርነው አይደለም ወይ ተባባልን። ጥያቄው ግን ቤታችን ድረስ ተከተለን። አንዲት ሴት የሰውን የውስጥ ቁስል እንድትነካ የሚፈቅድላት ማን ነው? መምህሮቿ ስለ ሴት የሚያስተምሯት ነገር ራሷ ኖራ ከምታውቀው ጋር ሲጋጭስ ምን ታድርግ? ለዚህ እትም የካረን ሆርናይን ሕይወት የመረጥነው ስለዚህ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናል።

ካረን በ1885 ጀርመን ውስጥ፣ በሃምቡርግ አጠገብ ብላንከኔዘ በምትባል ስፍራ ተወለደች። አባቷ የኖርዌይ ተወላጅ የሆነ የመርከብ አዛዥ ነበር፤ ቁጡ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ከእጁ የማይለይ፣ የሴት ልጅ ብዙ መማር የማይዋጥለት ሰው። እናቷ ከባሏ በዕድሜ እጅግ የምታንስ፣ በትዳሯም ያልተደሰተች ሴት ነበረች። ካረን ሐኪም እሆናለሁ ብላ የወሰነችው ገና በልጅነቷ ነው። ሃምቡርግ ውስጥ ሴቶችን ለዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጅ ትምህርት ሲከፈት አባትየው ገንዘቡን እንዲከፍል ቤተሰቡ ብዙ ለመነው። በ1906 ፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ለመማር ገባች። በጀርመን ሴቶች ዩኒቨርሲቲ መግባት ከጀመሩ ገና ጥቂት ዓመት ነበር።

በ1909 ኦስካር ሆርናይን አገባች፤ ሦስት ሴቶች ልጆችም ወለደች። በ1911 እናቷን ቀበረች፣ በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ታቀፈች። በእነዚህ ዓመታት ድካምና ሐዘን ተጫጭኗት ነበርና ካርል አብርሃም ወደሚባል የሲግመንድ ፍሮይድ ተከታይ ሐኪም ዘንድ እንደ ታካሚ ሄደች። ሳይኮአናሊሲስን መጀመሪያ ያወቀችው ከታካሚ ወንበር ላይ ሆና ነው ማለት ነው።

ይህ ነገር በአጋጣሚ የሆነ ይመስላል፤ ኋላ ግን የሥልጠናው ሕግ ሆነ። በ1920 በርሊን ውስጥ ለድሆች ጭምር የንግግር ሕክምና የሚሰጥ ክሊኒክና ማሠልጠኛ ሲከፈት ካረን ከመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዷ ነበረች። እዚያ የተጀመረው ሥርዓት እስከ ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል። ሠልጣኙ መጀመሪያ ራሱ ይታከማል፤ የራሱን ፍርሃት ያላየ ሰው በታካሚው ላይ ይጭነዋልና። ከዚያ ትምህርቱን ይማራል። በመጨረሻም አንጋፋ ባለሙያ እየተከታተለው ታካሚ ይቀበላል። ሦስቱ አንድ ላይ ዓመታት ይፈጃሉ። ለሳቅነው ሳቅ መልሱን እዚህ አገኘነው፤ ጎረቤት ስናዳምጥ የራሳችንን ጉዳይ ከእሷ ጉዳይ ጋር ስንት ጊዜ ቀላቅለናል!

ችግሩ የመጣው በሁለተኛው፣ በትምህርቱ ላይ ነው። ፍሮይድ ሴት ልጅ ራሷን የምታየው ወንድ የመሆን ዕድል እንዳመለጠው ፍጡር ነው፣ ቅናቷም ከዚያ ይመነጫል ብሎ ያስተምር ነበር። ካረን በ1922 በርሊን በተደረገ ጉባኤ፣ ፍሮይድ ራሱ ባለበት፣ ይህን መጠየቅ ጀመረች። በ1926 ባወጣችው ጽሑፍ ደግሞ ጌዎርግ ዚመል ከተባለው ፈላስፋ ሐሳብ ተነስታ፣ ሥልጣኔያችን በሙሉ በወንድ ዓይን የተሠራ ከሆነ ስለ ሴት ልቡና የተጻፈውስ ከዚህ እንዴት ያመልጣል አለች። ስለ ሴት የሚባለው ነገር አንድ ትንሽ ወንድ ልጅ ስለ እህቱ ከሚያስበው ጋር በጣም እንደሚመሳሰልም ነጥብ በነጥብ አሳየች። ሴት በወንድ ትቀናለች ከተባለ ወንድስ በመውለድና በማጥባት ለምን አይቀናም? ሴቷ የምትቀናው በአካሉ ሳይሆን በተፈቀደለት ነገር ቢሆንስ? ፍሮይድ በ1931 ስሟን ጠቅሶ ሐሳቧን አልቀበልም አለ። እሷም አልተመለሰችም።

የቤቷ ኑሮ ግን ቀላል አልነበረም። በ1923 ወንድሟ ሞተ፤ በጀርመን ገንዘብ መውደቅ ሰሞን የባሏ ሥራም ፈረሰ። በ1926 ሦስቱን ልጆቿን ይዛ ከቤት ወጣች። ልጆቿን ትንንሽ ሳሉ ሜላኒ ክላይን ወደምትባል ባለሙያ ለሕክምና ልካቸው ነበር፤ ልጆቹ አልወደዱትም። እኛም እናቶች ነንና ይህን ስናነብ ቅር ብሎናል።

በ1932 ወደ አሜሪካ ተሻገረች፤ መጀመሪያ ቺካጎ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ኒው ዮርክ። በሌላ አገር ሌላ ዓይነት ጭንቀት አየች፤ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ሥራ ማጣት፣ ስለ ፉክክር፣ ስለ ብቸኝነት ነበር። ስለዚህ በ1937ቱና በ1939ኙ መጽሐፎቿ የሰው ጭንቀት ምንጭ ከተፈጥሮ ፍላጎቱ ይልቅ ያደገበት ቤትና የሚኖርበት ማኅበረሰብ ነው ብላ ጻፈች። የተጨነቀ ልጅ ወይ ሰው ላይ ይለጠፋል፣ ወይ ሰውን ይጋፋል፣ ወይ ከሰው ይሸሻል፤ ሲያድግም በዚያው ይቀጥላል። ፍጹም ሚስት፣ ፍጹም እናት፣ ፍጹም ሠራተኛ መሆን አለብኝ እያለ ሰውን ቀን ከሌት የሚነዳውን የውስጥ ትእዛዝ ኋላ ጭቆና ብላ ጠራችው። የትኛችን ይህን ትእዛዝ አናውቀውም?

በኒው ዮርክ የሳይኮአናሊሲስ ማኅበር ይህ ሁሉ ሠልጣኞችን ያደናግራል ተባለ። በ1941 አባላቱ ድምፅ ሰጥተው ከአሠልጣኝነቷ ዝቅ አደረጓት። ብዙዎች ድምፅ ሳይሰጡ ዝም አሉ፤ እኛን ያሳዘነን የእነሱ ዝምታ ነው። ካረን ከክላራ ቶምፕሰንና ከሌሎች ጓደኞቿ ጋር ተነስታ ወጣች፤ ሲወጡም ስለ ሙሴና ስለ ፈርዖን የሚናገር መዝሙር ይዘምሩ ነበር ይባላል። በዚያው ዓመት የራሳቸውን ማኅበርና ማሠልጠኛ አቋቋሙ። በ1942 ደግሞ ሰው ራሱን በራሱ እንዴት ሊመረምር እንደሚችል የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣች። በመጽሐፉ ውስጥ ክሌር ተብላ የተጠቀሰችው ታካሚ ካረን ራሷ ሳትሆን አትቀርም ይላሉ ታሪኳን የጻፉ።

የቀጣዩን ዓመት ነገር ብንዘለው ደስ ባለን። ኤሪክ ፍሮም ለዓመታት የቅርብ ወዳጇ ነበር፤ አስተሳሰቧን ካሰፉት ሰዎችም አንዱ ነው። የተማረው ግን ሕክምና ሳይሆን የማኅበረሰብ ጥናት ነው። በ1943 በዚያው በአዲሱ ማሠልጠኛ፣ ሐኪም ያልሆነ ሰው ሕክምናን አያሠለጥንም ተብሎ የማሠልጠን መብቱን ተነፈገ። ካረንም ከከልካዮቹ ጋር ቆመች። ማሠልጠኛው በሐኪሞች ዘንድ ተቀባይነት እንዳያጣ ፈርተው ነው ይባላል። ክላራ ቶምፕሰን፣ ከሁለት ዓመት በፊት አብራት የወጣችው፣ አሁን እሷን ትታ ከፍሮም ጋር ወጣች። ስለዚህ ጉዳይ በመካከላችን ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ገና የተተከለ ቤት እንዳይፈርስ ብላ ነው አልን፤ ሌሎቻችን አልተቀበልነውም። አሁንም አልተስማማንም።

ካረን ማስተማርና መጻፍ ቀጠለች። በ1950 የመጨረሻውን ትልቅ መጽሐፏን አሳተመች፤ በውስጡም ራስን ስለማጣት የጻፈውን የዴንማርክ ፈላስፋ ኪርከጎርን ጠቅሳለች። በ1952 ክረምት፣ በ66 ዓመቷ፣ የዜን አስተማሪዎችን ለማወቅ ከዳይሴትዝ ሱዙኪ ጋር ጃፓን ሄዳ ገዳማትን ጎበኘች። ከተመለሰች ከጥቂት ወራት በኋላ በካንሰር ታማ ዲሴምበር 4 ቀን ኒው ዮርክ ውስጥ አረፈች። በ1955 በስሟ በዚያው ከተማ ክሊኒክ ተከፈተ፤ ብዙ መክፈል የማይችል ሰው ገብቶ የሚናገርበት።