«ትልቁ ልዩነት» ካርሎስ ሎይዛጋ

በአካል ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ አንድ ክርክር ሳይነሳ አይቀርም፤ ጥሩ ተጫዋች የነበረ ሰው ጥሩ አሠልጣኝ ይሆናል ወይስ አይሆንም? ሰሞኑን ሜዳ ዳር የተጀመረው ክርክር እስከ ምግብ ቤት ስለተከተለን፣ ለዛሬው የግድግዳ ጋዜጣችን የአንድ ሰው ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ሰውዬው ፊሊፒናዊው ካርሎስ ሎይዛጋ ነው። አገሩ የሚያውቀው ካሎይ በሚለው ስሙ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

ካሎይ በ1930 ሚንዶሮ በምትባል ደሴት ተወለደ። አባቱ ለብሔራዊ ቡድን የተሰለፈ እግር ኳስ ተጫዋች ነበር። ልጁ ግን ያደገው ማኒላ፣ ሳንታ ሜሳ ሰፈር ነውና እግሩ የሚወስደው ወደ ሰፈሩ ቅርጫት ኳስ ሜዳ ሆነ። ይህም አይገርምም። ጨዋታው ፊሊፒንስ የገባው በአሜሪካኖች አገዛዝ ዘመን፣ በወወክማ እና በትምህርት ቤቶች በኩል ነው። መምህራን ናቸው አገር ያለማመዱት ብንል አልዋሸንም! ቅርጫት ኳስ በ1936 በርሊን ላይ የኦሊምፒክ ውድድር ሲሆን ፊሊፒንስ 5ኛ ወጥታለች።

ከዚያ ጦርነት መጣ። በ1945 ማኒላ በውጊያ ስትፈራርስ ካሎይ ገና የ14 ዓመት ልጅ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ያ የሰፈር ሜዳ ላይ ሲጫወት ፋሃርዶ የተባለ አሠልጣኝ አየውና በ1949 ከአንድ የወጣቶች ቡድን አስገባው። ቀጥሎ ሳን ቤዳ ኮሌጅ ወሰደው። ኮሌጁ በ1951፣ በ1952 እና በ1955 ሻምፒዮን ሆኖ ዋንጫውን ለዘለቄታው አስቀረ። በኩባንያዎች ውድድር ደግሞ የአንድ ቀለም ፋብሪካ ቡድን እሱን ይዞ ከ1954 እስከ 1956 ባለው ጊዜ 49 ጨዋታ በተከታታይ አሸነፈ። 49!

ቁመቱ 1 ሜትር ከ91 ያህል ነው። ለመሀል ተጫዋች ዛሬ አጭር የሚባል ነው፤ በዚያን ጊዜም ቢሆን ከአሜሪካኖቹ አጠገብ ሲቆም ቀና ብሎ ነበር የሚያያቸው። ነገር ግን ከቅርጫቱ ሥር የተመለሰች ኳስ ካሎይን አታልፍም። እሱ ሲገባ አንድ ዓይነት፣ ሲወጣ ሌላ ዓይነት ቡድን ስለሚሆን «ትልቁ ልዩነት» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት።

ስሙን ዓለም የሰማው በ1954 ነው። ሪዮ ዴ ጃኔይሮ ላይ 12 አገሮች ለዓለም ሻምፒዮና ተሰበሰቡ። ፊሊፒንስ የመጨረሻ ጨዋታዋን ያደረገችው ከኡራጓይ ጋር ሲሆን፣ ኡራጓይ ከሁለት ዓመት በፊት በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ የነሐስ ሜዳልያ የወሰደች አገር ናት። ውጤቱ 67 ለ63 ሆነ፤ ከ67ቱ ውስጥ ከ30 በላይ የሚሆነው የካሎይ ነበር። ፊሊፒንስ ከአሜሪካ እና ከብራዚል ቀጥላ 3ኛ ወጣች፤ እሱም ከውድድሩ አምስት ምርጦች አንዱ ተባለ። እስከ 2023ቱ ሻምፒዮና ድረስ ከዚያ የተሻለ ደረጃ ያገኘ የእስያ የወንዶች ቡድን የለም። በእስያ ጨዋታዎችማ ከ1951 እስከ 1962 አራት ጊዜ ተሰልፎ አራቱንም ወርቅ ወስዷል።

በ1964 ጫማውን ሰቀለ። አሁን ነው ክርክራችን የሚጀምረው።

ከ1936 ጀምሮ ከኦሊምፒክ ቀርታ የማታውቀው ፊሊፒንስ በዚያው ዓመት ቶክዮ መግባት አቃታት። በ1965 የእስያን ሻምፒዮንነት ጃፓን ወሰደች፤ በ1966 የእስያ ጨዋታዎች ወርቁም ቀረ። በዚህ ጊዜ ነው ካሎይ በአሠልጣኝነት የተጠራው። ሰውዬው አሁን ኳስ አይነካም፤ የሚያውቀውን ሁሉ በሌሎች እጅ መሥራት አለበት። የተመለሰችን ኳስ መንጠቅ አንድ ነገር ነው፤ እንዴት እንደምትነጠቅ ለሌላው ማሳየት ሌላ ነገር። ትምህርት ማስተማር የጀመርን ሰልጣኞች ይህን አናጣውም፤ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምን ለት የምናውቀው ሁሉ እንዴት እንደሚጠፋ!

በ1967 ሴኡል ላይ ተጫዋቾቹ አስተናጋጇን ደቡብ ኮሪያን አስከትለው የእስያ ሻምፒዮን ሆኑ። በዓመቱ ግን ሜክሲኮ ኦሊምፒክ ላይ ከ16 አገሮች 13ኛ ወጡ። ከእኛ መካከል አንዳንዶች ይህን ይዘው አሠልጣኝነቱን ያናንቁታል። እኛ በዚህ አንስማማም። በሪዮ ጊዜ ብዙ አገሮች ጨዋታውን ገና እየለመዱ ነበር፤ በ14 ዓመት ውስጥ ሌላው ዓለም ረዣዥም ልጆቹን አሠልጥኖ መጥቷል። ቁመት ደግሞ አሠልጣኝ አይሰጥም። ሴኡል ላይ ግን ያለ ካሎይ ተጫዋችነት የጠፋውን ዋንጫ ያለ ካሎይ ተጫዋችነት አስመልሷል። ለእኛ ይኸኛው ይበልጥብናል።

በኋላ የማኒላ ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነ፤ ወንዶች ልጆቹም ቅርጫት ኳስ ተጫወቱ። ወደ አውስትራሊያ ሄዶ ሲኖር በ2011 ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ታመመ፤ ወደ አገሩም ተመልሶ በ2016 በ85 ዓመቱ አረፈ። በ2023 ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን ስሙን በክብር መዝገቡ ላይ አሰፈረ። የሰፈረው በተጫዋቾች ረድፍ ነው፤ በአሠልጣኞች አይደለም።