ንጉንዴንግ ዛሬ ቢኖር ኪኒን ይታዘዝለት ነበር?

እኔ ባደግኩበት ኒውላንድ ስለ አእምሮ መድኃኒት ክርክር ከተነሳ፣ ብዙ ሳይቆይ የአንድ ሰው ስም ይጠራል፤ ንጉንዴንግ ቦንግ። እሱንም እኮ መጀመሪያ አብዷል ብለውት ነበር ይባላል። ያን ጊዜ ኪኒን ቢኖር ኖሮ አደንዝዘው ያስቀሩት ነበር፣ እኛም ነቢያችንን እናጣ ነበር ይባላል። ክርክሩ እዚያ ላይ ያበቃል። ከነቢይ ጋር ማን ይከራከራል?

እኔ ግን የሰውዬው ሕይወት ግማሹ ብቻ እየተነገረ ይመስለኛል። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን ላውራችሁ። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጋምቤላን ለማታውቁ፣ ኒውላንድ በጋምቤላ ከተማ ኑዌሮች በብዛት የምንኖርበት ሰፈር ነው። ንጉንዴንግ የሎው ኑዌር ሰው ነበር፤ አገሩ ዛሬ የደቡብ ሱዳን ጆንግሌ በሚባለው በኩል ነው። ድንበሩ ግን ለእሱ ድንበር አልነበረም። ምኒልክና እንግሊዝ በ1902 ሲፈራረሙ እሱ ሽማግሌ ሆኖ ነበር።

በ1830ዎቹ ገደማ እንደተወለደ ይገመታል። ቤተሰቡ የምድር ጌቶች ከሚባሉት ወገን ነው። ነፍስ ሲጠፋ ገዳዩን አስጠግተው፣ ካሳውን በከብት ቆርጠው የሚያስታርቁ ማለት ነው። እናቱ የመውለጃ ዕድሜዋ ካለፈ በኋላ ነው የወለደችው ተብሎ ይተረካል።

ጎልማሳ ሆኖ ነው ነገሩ የጀመረው። ለሳምንታት ብቻውን ጫካ ለጫካ ይዞር ነበር። በረት ውስጥ ተቀምጦ ለቀናት ምግብ አይቀምስም። ሰው የማይበላውን እስከ መብላት ደረሰ። ሰው ያየውን አይቶ አበደ አለ። እሱ ደግሞ የያዘኝ ዴንግ ነው አለ፤ ዴንግ ከሰማይ የሚመጣ መንፈስ ነው።

እዚህ ላይ ነው አብዛኛው ሰው ታሪኩን የሚያቆመው። አበደ አሉት፣ ነቢይ ሆነ፣ አለቀ። ግን በመሃል ብዙ ዓመት አለ፤ ዋናው ነገርም ያ ይመስለኛል። ኑዌር መንፈስ ያዘኝ ያለውን ሁሉ ነቢይ አያደርግም። ይጠብቃል፣ ያያል፣ ውጤቱን ይመዝናል። መካን የነበሩ ሴቶች ወደ ንጉንዴንግ ሄደው ተባርከው ወለዱ ተባለ። በ1878 ፓዲንግ በተባለ ቦታ ከዲንካዎች ጋር በተደረገው ውጊያ በሬ ሠውቶ ወገኖቹ ድል አደረጉ፤ ስሙ የገነነው ከዚያ ወዲህ ነው። በኋላ ደግሞ ራሱ ወረራን የሚያወግዝ፣ ዲንካዎችም ጭምር ለበረከት የሚመጡበት የሰላም ሰው ሆነ። የታመነው እንግዲህ በአንድ ሌሊት አይደለም።

ከዚያ ክፉ ዘመን መጣ። ደገኞቹ ክፉ ቀን የሚሉት፣ ከ1888 ጀምሮ ከብቱን የፈጀው የደስታ በሽታ ኑዌር አገርም ገባ፤ ፈንጣጣም ሰውን ጨረሰ። ንጉንዴንግ ሕዝቡን ጠርቶ ጉብታ አሠራ። አፈር፣ አመድና እበት እየተሸከሙ ለዓመታት ገነቡት፤ ከሩቅ የሚታይ ኮረብታ አከለ። ዓላማው በሽታዎቹን እዚያ ውስጥ መቅበር ነበር።

ይህን ልብ በሉልኝ። ኪኒን አንውጥም ለማለት ስሙ የሚጠራው ሰው፣ የሕይወቱ ትልቁ ሥራ በሽታን ለማጥፋት የተሠራ ነው። የተቀበረው ፈንጣጣም በመጨረሻ ከምድር ጠፍቷል፤ በ1980 መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ያጠፋው ክትባት ነው። ንጉንዴንግ ይህን ቢያይ ይከፋ ነበር ብዬ አላስብም።

መንግሥት ግን በሌላ ዓይን አየው። የእንግሊዝ ሹማምንት ኩጁር ይሉት ነበር፤ ጠንቋይ እንደ ማለት ነው። በ1902 ጦር ልከው መንደሩን አቃጠሉ፤ እሱን ግን አላገኙትም። በ1906 አረፈ። ከሞተ በኋላም አልተዉትም፤ ጉብታውን ከአውሮፕላን ደበደቡት፣ በ1928 ደግሞ በፈንጂ ከፊሉን አፈረሱት። በ1929 ልጁን ጉዌክን እዚያው ጉብታ ሥር ገደሉት። የነቢዩን በትር ወሰዱት፤ ወደ ጁባ የተመለሰው በ2009 ነው። ሳያውቅህ ስም የሚያወጣልህን ባለሥልጣን፣ ነጭ ጋዋን ቢለብስም እንኳ፣ በጥርጣሬ ማየት ከየት እንደመጣ ይገባችኋል። ጥርጣሬው ዝም ብሎ አልተወለደም።

የዛሬውም ሐኪም ቤት ይህን ጥርጣሬ አንዳንዴ ያጠነክረዋል። አንድ የሰፈሬ ልጅ ወንድሙ ከተገደለበት በኋላ እንቅልፍ አጣ። ወደ አንድ ጤና ተቋም ወሰዱት። ጥቂት ደቂቃ ታየና ሦስት ዓይነት ኪኒን ይዞ ወጣ። ለምን እንደሆነ፣ ለስንት ጊዜ እንደሆነ የነገረው የለም። ምላሱ ተሳሰረ፣ ቀን ሙሉ ይተኛል፣ እናቱ ልጄ የት ሄደ እያለች ታለቅስ ነበር። አንድ ቀን ተነስቶ ሁሉንም በአንዴ አቆመ። የተከተለው ሳምንት ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ፤ ይንቀጠቀጣል፣ ጭራሽ አይተኛም። ሰፈሩም መድኃኒቱ መርዝ ነው ብሎ ደመደመ።

እኔ የምለው፣ የዚያ ልጅ ችግር ሐዘን ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ፣ ሌላ የአእምሮ ሕመም ለሌለበት ሐዘንተኛ እንደ ዲያዜፓም ያሉ ማስተኛ ኪኒኖች እንዳይሰጡ መክሯል። ለሳምንታት ሲወሰዱ ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ በድንገት ሲቆሙ መንቀጥቀጥና እንቅልፍ ማጣት፣ አንዳንዴም የሚጥል በሽታ ዓይነት ነገር ያመጣሉ። ጋምቤላ ደግሞ ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ ብዙ ሐዘንተኞች የተጠለሉባት አገር ናት። ለቅሶ ሁሉ በኪኒን የሚታከም ከሆነ ክልሉን በሙሉ ማስተኛት ሊኖርብን ነው!

ግን ሌላም ወጣት አውቃለሁ። ድምፅ ይሰማል፣ ይሮጣል፣ ሰው ይመታል። ዓመት ሙሉ እግሩ በገመድ ታስሮ ኖረ። ዛሬ በወር አንድ መርፌ እየተወጋ ገበያ ውስጥ ዓሣ ይሸጣል። እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ከመድኃኒቱ ነው። ገመዱ ግን የለም። የእሱን መድኃኒት ዘር የጀመረው ክሎርፕሮማዚን ፓሪስ ውስጥ በሐኪም እጅ ለአእምሮ ሕሙማን መሰጠት የጀመረው በ1952 ነው፤ ንጉንዴንግ ከሞተ 46 ዓመት በኋላ። ከዚያ በፊት ለእንዲህ ያለ ሰው የነበረው ምርጫ ገመድ፣ ሰንሰለት፣ ወይም ጫካ ነው። ጫካ ገብተው የቀሩትን ደግሞ ማንም በዘፈን አያስታውሳቸውም። አገራችን ውስጥ ቡታጅራ ላይ በተደረገው ጥናትም፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሕክምና የሚባል ነገር አግኝተው አያውቁም ነበር።

ስለዚህ ሁለት ችግር አለብን። ለማያስፈልገው በእፍኝ ይታዘዛል፤ የሚያስፈልገው ደግሞ ታስሮ ይቀመጣል። ሁለቱም እዚሁ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ።

ንጉንዴንግ ዛሬ ቢኖር ኪኒን ይታዘዝለት ነበር ወይ ለሚለው፣ በአምስት ደቂቃ የሚያይ ሐኪም ቢያጋጥመው አዎ፣ ይታዘዝለት ነበር ብዬ እፈራለሁ። ጥሩ ሐኪም ቢያጋጥመው ግን ምን እንደሆነ ዘመዶቹን ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ ደግሞ ያየዋል። የነቢዩ ሕዝብ ያደረገውም ይህንኑ ነው። ዝም ብሎ አላመነውም፣ ዝም ብሎም አልጣለውም። ዓመታት ወስዶ በፍሬው መዘነው።

ኪኒኑንም እንደዚያ መመዘን እንችላለን። ስልካችሁ ላይ ጥያቄዎቻችሁን ጽፋችሁ ሂዱ፦ ሕመሙ ምንድን ነው? ይህ ኪኒን ለየትኛው ምልክት ነው? ለስንት ጊዜ? ምን ሊያመጣ ይችላል? መቼ ነው ተመልሼ የምታየው? መልስ ካላገኛችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ። የጀመራችሁት ካልተስማማችሁም ሄዳችሁ ተናገሩ፤ መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነሳል ወይም ይለወጣል። በራሳችሁ በአንድ ቀን አትወርውሩት። እቤት የታሰረ ወንድም ያላችሁ ደግሞ፣ የንጉንዴንግን ስም ከመጥራታችሁ በፊት ገመዱን አይታችሁ አስቡ።