ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ (ግንቦት 1 ቀን 1870 – መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም.) ኢትዮጵያዊ ደራሲ፣ የመጻሕፍት ሊቅ፣ ዲፕሎማትና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ነበሩ። ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጋር የዘመናዊ አማርኛ ሥነ ጽሑፍ መሥራች ተደርገው ይቆጠራሉ። በሀገር ውስጥ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዘርዝረው በማሳተማቸው፣ የኢትዮጵያን የኅትመትና የመገናኛ ታሪክ ለሚያጠኑ ሰዎች ከመጀመሪያዎቹ መነሻዎች አንዱን ትተዋል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

ኅሩይ የተወለዱት በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐቤቴ፣ ደን በሚባል ስፍራ ነው። መርሐቤቴ በጀማና በወንጭት ወንዞች ሸለቆዎች የተከበበ አገር ሲሆን፣ በስተምሥራቅ ከመንዝ ደጋ ጋር ይዋሰናል። በዚያ ዘመን በአካባቢው ትምህርት የሚገኘው በቤተ ክርስቲያን ነበር። ኅሩይም በዚሁ ሥርዓት አልፈው ግዕዝን፣ ቅኔንና የመጻሕፍትን ትርጓሜ ተማሩ። ኋላ ወደ እንጦጦ መጥተው በራጉኤል ቤተ ክርስቲያን አገለገሉ፤ ከዚያም በጽሕፈት ችሎታቸው ወደ ቤተ መንግሥት ሥራ ቀረቡ።

የግዕዝ ትምህርታቸው በኋላ ሥራቸው ሁሉ ላይ ይታያል። ስለ ጃፓን ፋብሪካ ሲጽፉም ሆነ ስለ ጋብቻ ልብ ወለድ ሲደርሱ፣ አነጋገራቸው የቤተ ክህነት ሰው አነጋገር ነው። በ1918 ዓ.ም. ያሳተሙት የቅኔ ስብስብም፣ በቃል ብቻ ይተላለፍ የነበረውን የቀደሙና የኋላ ሊቃውንት ቅኔ ወደ ኅትመት ያሻገረ መጽሐፍ ነው።

የመንግሥት አገልግሎት

በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች (በኋላ ልዑል ራስ) ካሣ ኃይሉ በእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የዘውድ በዓል ላይ ኢትዮጵያን ወክለው ወደ ለንደን ሲሄዱ ኅሩይ አብረው ተጓዙ። ከዚያ በኋላ ሹመታቸው ከፍ እያለ ሄደ። የአዲስ አበባን ማዘጋጃ ቤት መርተዋል፤ የውጭ አገር ሰዎችና ኢትዮጵያውያን የሚከራከሩበትን ልዩ ፍርድ ቤትም በዳኝነት አገልግለዋል። በ1911 ዓ.ም. በደጃዝማች ናደው የተመራው መልእክተኛ ቡድን አባል ሆነው ወደ አሜሪካ በመሄድ ከፕሬዚዳንት ዊልሰን ዘንድ ቀርበዋል። በ1916 ዓ.ም. ደግሞ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን በኢየሩሳሌም፣ በግብጽና በአውሮፓ ባደረጉት ረጅም ጉብኝት አብረው ነበሩ።

በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት ከሠሩ በኋላ ሚኒስትር ሆኑ፤ እስከ ጣሊያን ወረራም በዚሁ ሹመት ቆዩ። በመጀመሪያ ብላታ፣ በኋላ ብላቴን ጌታ የሚለውን ማዕረግ አግኝተዋል።

የመጻሕፍት ቍጥር

ኅሩይ ከመወለዳቸው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1877፣ በለንደን የብሪታኒያ ሙዚየም ያሉት የኢትዮጵያ ብራናዎች ዝርዝር ታትሞ ነበር። ብዙዎቹ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰዱ ናቸው። በዚያው ዓመት በፓሪስ ያሉት ብራናዎች ዝርዝርም ታተመ። ስለዚህ አንድ የአውሮፓ ተማሪ በለንደን ወይም በፓሪስ የትኛው የግዕዝ መጽሐፍ እንዳለ በአንድ ቀን ማወቅ ሲችል፣ የመርሐቤቴ ወይም የመንዝ ተማሪ ግን በአጎራባች ደብር ዕቃ ቤት ምን እንዳለ የሚያውቀው ከደብሩ ሊቃውንት ጠይቆ ነበር። መጽሐፉ በቁም ጸሐፊ እጅ በብራና የሚጻፍ፣ ዋጋው ውድ፣ ቅጂውም ጥቂት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲቃጠል ወይም ሲዘረፍ ምን እንደጠፋ የሚናገር መዝገብ አይገኝም።

ኅሩይ ይህን ጉድለት ለመሙላት ከለንደን ጉዞ በተመለሱ ማግስት፣ በ1904 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ የሚገኙ መጻሕፍትን ቍጥር የያዘ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ ሥራውን አስፍተው በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉትን መጻሕፍት የሚዘረዝር ካታሎግ አወጡ። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ባሉት 16 ዓመታት ብዙ ነገር ተለውጦ ነበር፤ በመጀመሪያው ጊዜ መጽሐፍ ማለት ከሞላ ጎደል ብራና ሲሆን፣ በሁለተኛው ጊዜ ግን በአዲስ አበባ የሚታተሙ የአማርኛ መጻሕፍት ራሳቸውን የቻሉ ክፍል ሆነዋል። ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ማየት፣ ኅትመት ወደ ኢትዮጵያ እንዴት እንደገባ ከሚያሳዩ ግልጽ ማስረጃዎች አንዱ ነው።

በ1915 ዓ.ም. የታተመው «የሕይወት ታሪክ» የተባለው መጽሐፋቸው ለሰዎች የተደረገ ተመሳሳይ መዝገብ ነው። በኋላ ዘመን ለሚነሡ ልጆች ማስታወቂያ እንዲሆን በማለት፣ በታሪክ ስማቸው የሚነሣ ኢትዮጵያውያንን ሕይወት በአጭር በአጭሩ ጽፈዋል። ከነገሥታትና ከመኳንንት ሌላ ሊቃውንትና በዘመናቸው ትምህርት የቀሰሙ ሰዎችም ተካተዋል። በሌላ ጽሑፍ የማይገኙ ሰዎች ስም በዚህ መጽሐፍ ብቻ የተረፈበት ጊዜ አለ። ካታሎግና ባዮግራፊ የሚሉትን ቃላት በመጽሐፍ ርእስ ላይ ያወጡት ኅሩይ መሆናቸውም የዘመኑን አዲስ ዕውቀት እንዴት ወደ አማርኛ እንዳመጡት ያሳያል።

ማተሚያ ቤትና አንባቢ

ኅሩይ በወጣትነታቸው ያገኙት የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» ነበር። ጋዜጣውን የጀመረው ግሪካዊው ነጋዴ አንድርያስ ካቫድያስ ሲሆን፣ ስሙን ያወጡለት ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው፤ መጀመሪያ ላይ በእጅ ጽሑፍ እየተባዛ ለጥቂት ሰዎች ይደርስ ነበር። በ1914 ዓ.ም. ተፈሪ መኰንን ያቋቋሙት የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት፣ ከታኅሣሥ 23 ቀን 1917 ዓ.ም. ጀምሮም በየሳምንቱ የሚወጣው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ሁኔታውን ለወጡት። በጋዜጣው የተማሩ ወጣቶች ስለ ትምህርት፣ ስለ ግብር፣ ስለ ባርያ ንግድና ስለ አስተዳደር ይጽፉ ጀመር። የሚታተመው ቅጂ በመቶዎች የሚቆጠር ብቻ ቢሆንም፣ ጽሑፉ በየቤቱና በየአደባባዩ እየተነበበ ከገዢዎቹ ቍጥር በላይ ለሆነ ሰው ይደርስ ነበር።

ኅሩይ ከዚህ የደራስያንና የጋዜጠኞች ክበብ በዕድሜም በሥልጣንም ቀደም ያሉ ሰው ነበሩ። ጎሐ ጽባሕ የተባለ የራሳቸውን ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ አቋቁመው በ1920ዎቹ የጻፏቸውን መጻሕፍት አሳተሙበት። በዚህም አንድ ሰው ደራሲ፣ አሳታሚና የመጻሕፍት መዝጋቢ ሆኖ የሚሠራበት ለአገሩ አዲስ የሆነ መንገድ ከፈቱ።

የሚጽፉላቸውን ሰዎችም ለይተው ያውቁ ነበር። በ1910 ዓ.ም. የወጣው «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» ለወጣቶች የተጻፈ የምክር መጽሐፍ ነው። በ1915 ዓ.ም. የወጣው «ወዳጄ ልቤ» የሰውን ጠባይ በምሳሌ ያስተምራል። «የልብ አሳብ» (1923 ዓ.ም.) የብርሃነንና የጽዮን ሞገሳን ጋብቻ እየተረከ ልጆችን ያለ ዕድሜያቸው መዳርን ይነቅፋል። በ1925 ዓ.ም. የታተመው «አዲስ ዓለም» ደግሞ አወቀ የተባለ በአውሮፓ የተማረ ወጣት ወደ አገሩ ሲመለስ የሚገጥመውን ይተርካል። አወቀ ከዘመዶቹ ጋር የሚጋጨው በሠርግና በተዝካር ድግስ ላይ ስለሚባክነው ሀብት፣ ስለ ካህናት ሥነ ምግባርና ስለ ትምህርት ነው። ኅሩይ በልብ ወለዱ ያነሧቸው ጉዳዮች በዚያው ዘመን ጋዜጣ ላይ ከሚነሡት ብዙም የተለዩ አይደሉም። ጋዜጣው በአጭር ጽሑፍ የሚከራከርበትን ነገር እሳቸው አንባቢ በሚያውቀው ቤተሰብ ውስጥ አስገብተው አሳይተዋል።

የጉዞ መጻሕፍት

የውጭ አገር ዜና በቀላሉ በማይገኝበት ጊዜ የኅሩይ የጉዞ መጻሕፍት ለአማርኛ አንባቢ እንደ ዜና ምንጭ አገልግለዋል። ስለ ልዕልት መነን የኢየሩሳሌምና የግብጽ ጉዞ፣ ቀጥሎም «ደስታና ክብር» በተባለው መጽሐፍ ስለ ተፈሪ መኰንን የአውሮፓ ጉዞ ጽፈዋል። የየዕለቱን ውሎ፣ የተጎበኙትን ቦታዎችና የተደረገውን አቀባበል በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ።

ከሁሉም የሚታወቀው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» ነው። በ1924 ዓ.ም. መጀመሪያ ኅሩይ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን ሄዱ፤ አብረዋቸው ከነበሩት አንዱ ልጅ አርአያ አበበ ነበሩ። ጃፓን ሩሲያን በጦርነት በማሸነፏና ነጻነቷን ሳታስነካ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ኢንዱስትሪ በመገንባቷ፣ የዓድዋ ልጆች ለሆኑት የዘመኑ ምሁራን አርአያ ሆና ትታይ ነበር። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም የጃፓንን ሕገ መንግሥት ምሳሌ አድርጎ የተዘጋጀ ነው። ኅሩይ በመጽሐፋቸው የሁለቱን አገሮች ታሪክ እያነጻጸሩ የጃፓንን ትምህርት ቤቶች፣ ፋብሪካዎችና ሥርዓት ለአገራቸው ሰው አቅርበዋል። መጽሐፉ ወደ ጃፓንኛም ተተርጉሟል። ከጉዞው በኋላ ልጅ አርአያ ጃፓናዊት ሊያገቡ ነው የሚለው ወሬ በጃፓንና በአውሮፓ ጋዜጦች ብዙ ተጻፈበት፤ ጋብቻው ግን ሳይፈጸም ቀረ። ይህም ኢትዮጵያ ስለ ራሷ ከምትጽፈው ይልቅ ሌሎች ስለ እርሷ የሚጽፉት በዓለም ፈጥኖ የሚሰማበትን የዚያን ዘመን እውነታ ያሳያል።

ትችት

የኅሩይ ሥራዎች ውሱንነት አላቸው። ከፍተኛ የመንግሥት ባለ ሥልጣን በመሆናቸው ስለ ነገሥታቱና ስለ አልጋ ወራሹ የጻፉት ምስጋና የበዛበት ነው። የመሻሻልን አስፈላጊነት ሲጽፉም ለውጡ ከላይ፣ በንጉሡና በተማሩ ሰዎች መሪነት፣ ቀስ በቀስ እንዲመጣ የሚሹ ነበሩ። «ዋዜማ» (1921 ዓ.ም.) በተባለው መጽሐፍና በሌሎች የታሪክ ሥራዎቻቸው ስለ ጥንት ነገሥታት ያሰፈሩት፣ የአገሩን ትውፊት ከአውሮፓ መጻሕፍት ጋር እየቀላቀለ የቀረበ በመሆኑ በኋላ የመጡ የታሪክ አጥኚዎች በጥንቃቄ ይመለከቱታል። ስለ ራሳቸው ዘመን የጻፉት ግን ባዩትና በሰሙት ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ዛሬም በምንጭነት ያገለግላል።

ወረራ፣ ስደትና ሞት

ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ ኅሩይ ከንግሥተ ሳባ እስከ ዓድዋ ድል ያለውን የኢትዮጵያ ታሪክ በሰፊው ጽፈው ለኅትመት አድርሰው ነበር። ወራሪው አዲስ አበባ ሲገባ ኅትመቱ ከሸፈ፤ መጽሐፉ በተሟላ መልክ ለአንባቢ የደረሰው ከብዙ አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሲወጡ ኅሩይም ተሰደዱ፤ በኢየሩሳሌም በኩል አልፈውም እንግሊዝ አገር ገቡ። በእንግሊዝ የተማረው ልጃቸው ፈቃደ ሥላሴ በአገር ውስጥ ቀርቶ በጥቁር አንበሳ ድርጅት ውስጥ ሲታገል ቆይቶ በጣሊያኖች እጅ ወድቆ ተገደለ። በኦክስፎርድ የተማረው ሌላው ልጃቸው ሲራክ ከነጻነት በኋላ የእንግሊዛዊውን ደራሲ የሳሙኤል ጆንሰንን «ራስላስ» ወደ አማርኛ ተርጉሟል።

ኅሩይ የነጻነትን ቀን አላዩም። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በስደት በሚኖሩበት በባዝ ከተማ፣ ፌርፊልድ በተባለው ቤት፣ በ60 ዓመታቸው ዐረፉ።

ትሩፋት

ኅሩይ በአማርኛ ከ20 በላይ መጻሕፍት ደርሰዋል። የልብ ወለዶቻቸው አማርኛ ለዛሬ አንባቢ የቆየ መስሎ ቢታይም፣ ጋብቻን፣ ድግስንና ትምህርትን በተመለከተ ያነሷቸው ክርክሮች አሁንም አላለቁም። በጋዜጠኝነት፣ በቤተ መጻሕፍትና በሥነ ጽሑፍ ታሪክ ላይ ለሚሠሩ ተመራማሪዎች ግን ይበልጥ የሚፈለጉት የ1904 እና የ1920 ዝርዝሮች እንዲሁም የ1915ቱ የሕይወት ታሪክ ናቸው። በወረራው ዘመን አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ተዘርፈዋል፤ መጻሕፍትም ተቃጥለዋል። ከወረራው በፊት የታተመ ዝርዝር መኖሩ፣ በአገሪቱ ምን ይነበብና ምን ይጻፍ እንደነበረ፣ ምንስ እንደጠፋ ለመጠየቅ መነሻ ሆኗል።