ሙታንን የቈጠረች አስታማሚ

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1820 ዓመት (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በኢጣልያ አገር፥ ፍሎረንስ በምትባል ከተማ ከእንግሊዛውያን ወላጆች ተወለደች፤ ስሟም ከከተማይቱ የተወሰደ ነው። ወላጆቿ ባለጸጎች ነበሩ። እርሷም ከልጅነቷ ጀምራ ሒሳብን እጅግ ትወድ ነበር። ካደገች በኋላ ሕመምተኞችን ላስታምም ብላ በተነሣች ጊዜ ወላጆቿ ከለከሏት፤ በዚያ ዘመን ማስታመም የተናቀ ሥራ ነበርና። ብዙ ዓመት ታግሣ በ1851 ወደ ጀርመን አገር ሄደች፤ በካይዘርስቬርትም ሥራውን ተማረች።

በ1854 እንግሊዝ ከፈረንሳይና ከቱርክ ጋራ ሆና በክሪሚያ ከሩሲያ ጋራ ትዋጋ ነበር። የቈሰሉትና የታመሙት ወታደሮች በመርከብ ወደ እስኩታሪ ይወሰዱ ነበር፤ ይህችም ከቍስጥንጥንያ ፊት ለፊት በባሕሩ ማዶ ያለች ስፍራ ናት። መንግሥትም ናይቲንጌልን ከ38 አስታማሚ ሴቶች ጋራ ወደዚያ ላካት። በደረሱ ጊዜ ብዙዎቹ ሕመምተኞች ልብሳቸው በቅማል ተወርሮ፥ አይጦችም በመካከላቸው ሲሮጡ አገኙ። ሴቶቹ አጠቡ፥ ምግብ አበሰሉ፥ ቍስል አሰሩ። እርሷም ሌሊት ፋኖስ ይዛ ሕመምተኞችን ትጐበኝ ነበር። ሰው ሁሉ የፋኖሷን ነገር ያወራል፤ የመዝገቧን ነገር የሚያወራ ግን ጥቂት ነው።

በዚያ ሆስፒታል ስንት ሰው እንደ ሞተ በትክክል አይታወቅም ነበር። የአንዱ ጸሐፊ መዝገብ ከሌላው መዝገብ አይስማማም፤ ሳይመዘገብ የተቀበረም ነበረ።

ትጋቷም ሁሉ ሞትን አላቆመም። በ1855 በፌብሩዋሪ ወር ከ100 ሕመምተኞች 42 ያህሉ ሞቱ። በማርች ወር ከእንግሊዝ የተላኩ ሰዎች መጥተው ከሕንጻው በታች ያለውን የቆሻሻ መውረጃ አስጠረጉ፥ ለክፍሎቹም ንጹሕ አየር እንዲገባ አደረጉ። በጁን ወር የሞቱት ከ100 ሰዎች 2 ያህል ብቻ ሆኑ።

ናይቲንጌል በ1856 ወደ አገሯ ስትመለስ፥ ወታደሮቹን ይልቁንም የገደላቸው የምግብ ጕድለትና ብርድ ይመስላት ነበር። ዊልያም ፋር ከሚባል የቍጥር ሊቅ ጋራ ተቀምጣ መዝገቦቹን መረመረች። ቍጥሩም ሌላ ነገር ገለጠ። በጦር ቍስል የሞቱት ጥቂቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹን የጨረሳቸው ተስቦ፥ ኮሌራና ተቅማጥ ነው። ከዚህም የሚመረው፥ ብዙ ሰው የሞተው እርሷ ራሷ ባገለገለችበት በእስኩታሪ መሆኑ ነው። ይህን መሸሸግ ትችል ነበር፤ ነገር ግን ለመንግሥት ባቀረበችው ጽሑፍ አስገባችው።

ሹማምንት የቍጥር ሰንጠረዥ ማንበብ እንደሚሰለቻቸው ታውቅ ነበርና በ1858 ሥዕል አሳተመች። ሥዕሉ ክብ ሆኖ እንደ ድፎ ዳቦ ከመካከሉ በ12 ወር የተከፈለ ነው። ሰማያዊው መከላከል በሚቻል በሽታ የሞቱትን፥ ቀዩ በቍስል የሞቱትን፥ ጥቍሩ በሌላ ምክንያት የሞቱትን ያሳያል። ሰማያዊው ሌሎቹን እጅግ ይበልጣል፤ ፊደል ያልቈጠረ ሰው እንኳ አይቶ ያስተውለዋል። በዚያው ዓመት የለንደን የስታቲስቲክስ ማኅበር ከሴቶች የመጀመሪያዪቱን አባል አድርጎ ተቀበላት።

ከዚያም የወታደሮች ሰፈርና ሆስፒታል ይታደስ ጀመር። እርሷም ሆስፒታሎች ሁሉ የገባውን፥ የዳነውንና የሞተውን በአንድ ዓይነት ቅጽ እንዲጽፉ ደከመች። በ1860 በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የአስታማሚዎች ትምህርት ቤት ተከፈተላት። ራሷ ግን ታማ ብዙ ዘመን በአልጋ ላይ ሆና ትጽፍ ነበር።

በ1910 በ90 ዓመቷ ሞተች። በመቃብሯ ድንጋይ ላይ የስሟ የመጀመሪያ ፊደሎች፥ የተወለደችበትና የሞተችበት ቀን ብቻ ተቀርጾ ይገኛል።