ኦነሲሞስ ነሲብ፦ ተሸጦ የሄደው ልጅ መጽሐፍ ይዞ ተመለሰ

የኦሮምኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ማን እንደተረጎመው ታውቃላችሁ? በልጅነቱ ታፍኖ የተሸጠ ሰው ነው። ታሪኩን በአጭሩ እንንገራችሁ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው በ1850ዎቹ አጋማሽ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው። ቤተሰቦቹ ሂካ አሉት። አባቱን በልጅነቱ አጣ፤ ከዚያ ባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ። ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው እየተሸጠ ቀይ ባሕር ዳር፣ ምጽዋ ደረሰ። እዚያ ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ በ1870 ነፃ አወጣው።

ነፃ ወጣ፣ ግን የት ይሂድ? አገሩ እጅግ ሩቅ ነው። ብቻውን ቢነሳ ደግሞ ተመልሶ መሸጥ አለ። እናትም ዘመድም አጠገቡ የለም።

ያስጠጋው ምጽዋ ላይ የነበረው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። ሚሲዮናውያኑ ያሰቡት ኦሮሞ ምድር ለመግባት ነበር፤ መንገዱ አልሆን ብሏቸው ባሕሩ ዳር ቀሩ። እነሱ ፈልገው ያልደረሱበት አገር ልጅ እዚያው ደጃፋቸው መጣ።

ሂካ በዚች ጥቂት ሰው ባላት ጉባኤ መሃል ፊደል ቆጠረ፣ አመነ። መጋቢት 31 ቀን 1872፣ በፋሲካ ዕለት ተጠመቀና ኦነሲሞስ ተባለ። ስሙ ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም። በአዲስ ኪዳን ኦነሲሞስ ባሪያ ነበር፤ ጳውሎስ ለጌታው ጽፎ እንደ ወንድም ተቀበለው ብሎ የለመነለት ሰው ነው። ለተሸጠ ልጅ ወንድም መባል ትልቅ ነገር ነው።

ቀጥሎ ስዊድን ሄደው አምስት ዓመት ተማሩ። በ1881 ሲመለሱ ሐሳባቸው አንድ ነበር፦ ወደ ወገኔ ልሂድ። በሱዳን በኩል ሞከሩ፣ አልሆነም። በታጁራ በኩል ደግሞ እስከ እንጦጦ ደርሰው ወደ ኋላ ተመለሱ።

እግራቸው ካልደረሰ ቃሉ ይድረስ ብለው ከምጽዋ ወጣ ብላ ባለችው እምኩሉ ትርጉሙን ያዙ። ችግሩ ግን ከአገር የወጡት በልጅነት ስለሆነ የኦሮምኛ ቃላት ያጥራቸው ነበር። እዚህ ላይ አስቴር ጋኖ መጣች። እሷም እንደሳቸው በባርነት የተወሰደች ናት፤ በ1886 ጣሊያኖች ከባሪያ ጫኝ መርከብ ካስጣሏቸው ኦሮሞዎች አንዷ ነበረች። ቃላት ሰበሰበች፣ ተረቶችና ዘፈኖች ጻፈች፣ በትርጉሙም አገዘች። ያቺ ትንሽ ጉባኤ የጠፋባቸውን ቋንቋ ጭምር መለሰችላቸው።

አዲስ ኪዳን በ1893 ታተመ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ ቅድስት ክሪሾና በተባለ ቦታ ወጣ። የተጻፈው በግዕዝ ፊደል ነበር።

በ1904 በመጨረሻ ወለጋ ገቡ። ገዢው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀበሏቸው። ነቀምቴ ላይ በኦሮምኛ ማስተማር ሲጀምሩ ግን ከካህናት ክስ መጣ፤ በ1906 ጉዳያቸው አቡነ ማቴዎስ ዘንድ ቀረበ። አጼ ምኒልክ ወደ ነቀምቴ እንዲመለሱ ፈቀዱ፣ ስብከቱን ግን ተከለከሉ። ሙያቸው ማስተማር ብቻ ሆነ። የሰው ፊት እያዩ፣ ያመኑበትን በአደባባይ ሳይናገሩ ዓመታት አለፉ። ፈቃዱ የመጣው በ1916 በልጅ ኢያሱ ነው።

ሰኔ 21 ቀን 1931 አረፉ። ዛሬ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ምዕመናን ያሏት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በምዕራብ ኢትዮጵያ መሠረቷን ስትቆጥር ስማቸውን ከፊት ታስቀምጣለች።

አንድ ነገር እንጨምር። በኦሮምኛ ‹ሂኩ› ማለት መፍታት ነው፤ የታሰረን መፍታትም፣ ቃልን መተርጎምም። ወላጆቹ ሂካ ሲሉት ልጃቸው ሁለቱም እንደሚደርስበት አላወቁም።

ስለ አስቴር ጋኖ ከዚህ በፊት የሰማችሁ አላችሁ? ኮመንት ላይ ጻፉልን።