ዮሴፍ ሐሌቪና የቤተ እስራኤል ጸሎት

በስሜንና በወገራ፣ ማለትም ዛሬ ደባርቅና ዳባት በሚገኙበት አገር፣ ቤተ እስራኤል ለብዙ ዘመን ኖረዋል። የኦሪትን ሕግ ይጠብቁ ነበር፤ ይሁን እንጂ የሚጸልዩት በዕብራይስጥ ሳይሆን በግዕዝ ነበር። ይህን ጸሎት በመጀመሪያ አሳትመው ለዓለም ያሳወቁት ሊቁ ዮሴፍ ሐሌቪ ስለ ሆኑ፣ ሕይወታቸውን በአጭሩ እንጽፋለን። ዘመኑን የቈጠርነው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ሐሌቪ በ1827 ዓ.ም. በቱርክ መንግሥት ግዛት በአድሪያኖፕል ከተማ ከአይሁድ ወገን ተወለዱ። በዚያችው ከተማና በቡካሬስት በአይሁድ ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ዕብራይስጥ ከጸሎትና ከጥንት መጻሕፍት አልፎ ለአዲሱ ዘመን ድርሰት እንደሚበቃ ስላመኑ ግጥምም ሌላ ጽሑፍም ይጽፉበት ነበር።

በ1867 ዓ.ም. አሊያንስ እስራኤሊት ዩኒቨርሴል የተባለው የፓሪስ ማኅበር ወደ ኢትዮጵያ ላካቸው። ጊዜው የእንግሊዝ ጦር በአፄ ቴዎድሮስ ላይ የዘመተበት ስለ ነበረ መንገዱ አስጊ ነበር። ሐሌቪ ግን በምፅዋ ገብተው፣ ብዙ ደክመው፣ ወልቃይት ደረሱ። ቤተ እስራኤል ነጭ አይሁዳዊ አለ ቢባሉ አላመኑም፤ እንግዳውንም ጠረጠሩ። ስለ ኢየሩሳሌም ባነሡላቸው ጊዜ ግን ልባቸው ተከፈተና እንደ ወንድም ተቀበሏቸው።

ከዚያ በኋላ ወደ የመን ተሻግረው በድንጋይ የተቀረጹ ብዙ የሳባ ጽሑፎችን ገለበጡ። በ1877 ዓ.ም. የቤተ እስራኤልን ጸሎት ግዕዙን ከዕብራይስጥ ትርጕም ጋር በፓሪስ አሳተሙ። በዚህ መጽሐፍ በሩቅ አገር ያሉ አይሁድ የማያውቋቸውን ወገኖቻቸውን ጸሎት በገዛ ቋንቋቸው ለማንበብ ቻሉ። በ1902 ዓ.ም. ደግሞ ትእዛዘ ሰንበትን አወጡ። በፓሪስም ግዕዝ አስተማሩ፤ ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ዣክ ፋይትሎቪች በ1904 ዓ.ም. ወደ አገራችን መጥቶ የመምህሩን ሥራ ቀጠለ። ሐሌቪ በ1917 ዓ.ም. ዐረፉ።

ቤተ እስራኤል በተለይ በ1984 እና በ1991 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ሄደዋል። ሰው ሲሄድ ጸሎቱም ዜማውም ከአገሩ አብሮ ይሄዳል፤ በጽሑፍ የሰፈረው ግን ለሁሉ ይተርፋል። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ግዕዝን እንማር፤ ቤተ እስራኤልን በጉርብትና የሚያውቁ ሽማግሌዎችም ሳያልፉብን ጠይቀን እንጻፍ።