ሲልቫኑስ ኦሊምፒዮና የቶጎ ግምጃ ቤት

የአንድ አገር ነፃነት በሰንደቅ ዓላማና በመዝሙር ብቻ የሚፈጸም አይደለም። ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ የአስተማሪው ደመወዝ፣ የሐኪም ቤቱ መድኃኒትና የመንገዱ ጥገና ከየት ገንዘብ ይከፈላል የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በዚህ ጥያቄ ላይ አጥብቀው ካሰቡት የአፍሪካ መሪዎች አንዱ የቶጎ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሲልቫኑስ ኦሊምፒዮ ነበሩ። ሙያቸው ንግድ ነበረ፤ አገራቸውንም እንደ ብልህ ነጋዴ በሒሳብ መሩ፤ በመጨረሻም ይኸው የሒሳብ ጥብቅነታቸው ለሞታቸው አንዱ ምክንያት ሆነ። ታሪካቸው ስለ መንግሥት ገንዘብ አያያዝ ለሚማር ተማሪ ሁሉ ይጠቅማልና በዚህ በበዓሉ መጽሔታችን ላይ በአጭሩ ልናቀርበው ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቶጎ በምዕራብ አፍሪካ፣ በጋናና በቤኒን መካከል የምትገኝ ጠባብና ረዥም አገር ናት። ስፋትዋ 56,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኦሊምፒዮ በ1902 አገሪቱ በጀርመኖች እጅ በነበረችበት ጊዜ ክፓንዱ በምትባል ከተማ ተወለዱ፤ ይህች ከተማ ዛሬ በጋና ውስጥ ትገኛለች። ቤተሰባቸው ከብራዚል መጥተው በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በንግድ ከበለጸጉት ወገኖች ነበረ። አጎታቸው ኦክታቪያኖ ኦሊምፒዮም በሎሜ ከተማ ከታወቁት ሀብታሞች አንዱ ነበሩ። ልጁ ሲልቫኑስ መጀመሪያ በጀርመን ትምህርት ቤት ተማሩ፤ ቀጥሎም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በለንደን የኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት የንግድን ትምህርት በ1926 ፈጸሙ። ከኤዌ ቋንቋ ሌላ ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ፖርቱጋልኛ ያውቁ ነበር።

ከትምህርታቸው በኋላ ዩኒሊቨር በሚባለው ትልቅ ኩባንያ ተቀጠሩ። የዚሁ ኩባንያ ቅርንጫፍ የሆነው ዩናይትድ አፍሪካ ኩባንያ ከገበሬው የዘንባባ ፍሬና ካካዎ እየገዛ ወደ አውሮፓ ይልክ ነበር፤ ከአውሮፓም ጨርቅና ሌላ ሸቀጥ እያስመጣ ለአፍሪካውያን ይሸጥ ነበር። ኦሊምፒዮ በትጋታቸው ከፍ ከፍ እያሉ ሄደው በ1938 በሎሜ የቶጎ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። በዚያ ዘመን ለአንድ አፍሪካዊ ይህን የመሰለ ሹመት ማግኘት እጅግ ብርቅ ነበረ። በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ገበሬው የደከመበት ምርት ዋጋው በሩቅ አገር እንደሚወሰን፣ ገንዘቡም በሌላ መንግሥት ባንክ እንደሚያልፍ በየቀኑ በሒሳብ መዝገብ ላይ ያዩ ነበር።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዝና ፈረንሳይ ቶጎን ለሁለት ተካፍለዋት ነበር። ከዚህም የተነሣ የኤዌ ሕዝብ በድንበር ተከፈለ፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር ለመገበያየት በጉምሩክ በኩል ማለፍ ግድ ሆነበት። ኦሊምፒዮ ይህን በመቃወም ትግል ጀመሩ። በ1942 የቪሺው የፈረንሳይ መንግሥት ሹማምንት አስረው ወደ ጁጉ፣ ወደ ዳሆሚ ላኳቸው። ከጦርነቱ በኋላ ግን የቶጎ አንድነት ኮሚቴ የተባለውን ፓርቲ እየመሩ በ1947 በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የሞግዚትነት ምክር ቤት ፊት ቀርበው የሕዝባቸውን አቤቱታ አሰሙ። በ1954 የውጭ ምንዛሪ ደንብ ተላልፈዋል ተብለው በፈረንሳይ ሹማምንት ተከሰሱና ተቀጡ፤ በምርጫ እንዳይወዳደሩም ታገዱ። ይሁን እንጂ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በተቈጣጠረው በ1958ቱ ምርጫ ፓርቲያቸው አሸነፈና እርሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ኤፕሪል 27 ቀን 1960 ቶጎ ነፃ ወጣች፤ በ1961ም ኦሊምፒዮ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ።

እንግዲህ አዲሱ መንግሥት ሲቋቋም ግምጃ ቤቱ ምን ይመስል ነበር? ሕዝቡ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነበረ፤ አብዛኛውም ገበሬ ነው። የመንግሥቱ ዋና ገቢ ወደ ውጭ ከሚላከው ከካካዎና ከቡና፣ እንዲሁም ከውጭ በሚገባው ሸቀጥ ላይ ከሚጣለው ቀረጥ የሚገኝ ነበር። የካካዎ ዋጋ በዓለም ገበያ ሲወድቅ የመንግሥቱም ገቢ አብሮ ይወድቃል። ብዙ አዳዲስ መንግሥታት የጎደለውን በጀታቸውን ቀድሞ ይገዟቸው በነበሩት መንግሥታት እርዳታ ይሞሉ ነበር። ኦሊምፒዮ ግን የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው አባባል የገባቸው ይመስል፣ የመንግሥቱ ወጪ ከገቢው እንዳይበልጥ አጥብቀው ይቈጣጠሩ ነበር። የለጋሽን እጅ የሚጠብቅ መንግሥት በራሱ ቤት አዛዥ አይሆንም ብለው ያምኑ ነበርና።

ገቢውን ለማስፋትም ደክመዋል። በሐሆቶዌ አካባቢ የተገኘው ፎስፌት፣ ማለትም ለማዳበሪያ የሚሆነው ማዕድን፣ በእርሳቸው ዘመን በ1961 ወደ ውጭ መላክ ጀመረ፤ ኋላም የአገሪቱ ትልቅ ሀብት ሆነ። ነጋዴ ምርቱን ለአንድ ገዢ ብቻ ቢሸጥ ዋጋውን የሚቈርጥለት ገዢው ነው። ስለዚህ ከፈረንሳይ ሌላ ከምዕራብ ጀርመንና ከአሜሪካም ጋር ወዳጅነት መሠረቱ፤ በ1962ም ዋሽንግተን ሄደው ከፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጋር ተነጋገሩ። በጀርመን ገንዘብ የተሠራው የሎሜ ጥልቅ ወደብ ግን የተከፈተው እርሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1968 ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው አሳባቸው የገንዘብ ጉዳይ ነበር። ቶጎ የምትገበያየው ሴፋ ፍራንክ በሚባለው ገንዘብ ሲሆን፣ ይህ ገንዘብ በ1945 በፈረንሳይ መንግሥት የተቋቋመና ከፈረንሳይ ፍራንክ ጋር በማይለወጥ ዋጋ የታሰረ ነበር። አሠራሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ የሎሜ ነጋዴ ካካዎ ለአሜሪካ ሸጦ ዶላር ቢያገኝ፣ ነጋዴው በአገሩ ሴፋ ፍራንክ ይቀበል ነበር፤ ዶላሩ ግን በፓሪስ ግምጃ ቤት በኩል ይጠበቅ ነበር። በዚህ ፈንታ ፈረንሳይ የገንዘቡን ዋጋ ታጸናለች። ይህ ነገር ጥቅም አለው፤ ገንዘቡ በቀላሉ አይረክስም፣ ነጋዴውም ይተማመንበታል። ጉዳቱ ግን ስለ ብድርና ስለ ምንዛሪ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ሌላ መንግሥት መሆኑ ነው። ኦሊምፒዮ በ1962 ጎረቤቶቻቸው የተፈራረሙትን የምዕራብ አፍሪካ የገንዘብ ኅብረት ውል ሳይፈርሙ ቀሩ፤ በዲሴምበር 1962ም የቶጎ ማዕከላዊ ባንክ እንዲቋቋምና አገሪቱ የራሷን ገንዘብ እንድታወጣ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ።

ነገር ግን የሰው ታሪክ ሲጻፍ ጉድለቱም መነገር አለበት። ኦሊምፒዮ የሚቃወሟቸውን ሰዎች አሰሩ፤ በ1961ዱ ምርጫ የተቃዋሚዎች እጩዎች እንዳይወዳደሩ ተደረገ፤ ከዚያም በኋላ የተቃዋሚ ፓርቲዎች ተዘጉ። ከጋናው መሪ ከክዋሜ ንክሩማ ጋር ስለ ድንበር በመጣላታቸውም ድንበሩ ተዘግቶ ንግዱ ተጎዳ። በዚያው ጊዜ በፈረንሳይ ጦር ውስጥ ሲያገለግሉ ቆይተው የተመለሱ በመቶ የሚቈጠሩ የቶጎ ወታደሮች ሥራ ፈት ሆነው ተቀመጡ። የቶጎ ጦር 250 ሰው ገደማ ብቻ ነበረና እንዲጨመሩበት ለመኑ። ፕሬዚዳንቱ ግን ትንሽ አገር ትልቅ ጦር ለመቀለብ አቅም የላትም ብለው እምቢ አሉ። በሒሳቡ በኩል ሲታይ ትክክል ነበሩ፤ የተራበና ጠመንጃ መያዝ የሚያውቅ ሰው ቅሬታ ግን በበጀት መዝገብ ላይ የማይታይ ዕዳ ነው።

ጃንዋሪ 13 ቀን 1963 ሌሊት ወታደሮቹ በመኖሪያ ቤታቸው ላይ አደጋ ጣሉ። ኦሊምፒዮ በአጥር ዘለው ወደ ጎረቤታቸው ወደ አሜሪካ ኤምባሲ ግቢ ቢሸሹም ሊነጋ ሲል ተይዘው በኤምባሲው በር አጠገብ ተገደሉ። ከሰሐራ በስተደቡብ ባሉት ነፃ አገሮች በመንግሥት ግልበጣ የተገደሉ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት እርሳቸው ናቸው። አስከሬናቸውም በዳሆሚ፣ በአጉዌ ተቀበረ። ያሰቡት የቶጎ ገንዘብ ሳይታተም ቀረ፤ አገሪቱም በዚያው ዓመት መጨረሻ ወደ ገንዘብ ኅብረቱ ገባች። ገንዘቡ በፓሪስ የሚቀመጥበት ግዴታ እንዲቀር የተስማሙት በ2019 መጨረሻ ነው፤ ይኸውም ከሞታቸው ከሃምሳ ስድስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሞታቸው እስከ አገራችን ድረስ ተሰምቷል። በሜይ 1963 የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲያቋቁሙ፣ የቶጎ ወንበር ባዶ ነበረ፤ ግድያውን ተከትሎ የመጣውን መንግሥት ብዙዎቹ አልተቀበሉትምና። በቻርተሩም ውስጥ ፖለቲካዊ ግድያን በማናቸውም መልኩ የሚያወግዝ ቃል ተጻፈበት።

ከዚህ ታሪክ እኛ ተማሪዎች ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የራሱን ወጪ በራሱ ገቢ መሸፈን ያልቻለ መንግሥት ነፃነቱ ገና ጎዶሎ ነው። ሁለተኛ፣ ቁጠባ ብቻውን አገርን አያጸናም፤ የሚቈጥበው መሪ ለምን እንደሚቈጥብ ለሕዝቡ ማስረዳት፣ የተከፋውንም ማዳመጥ ይገባዋል። ኦሊምፒዮ የመጀመሪያውን በሚገባ ያውቁት ነበር። ሁለተኛው ግን የተገለጸው በሞታቸው ነው፤ ነገ በባንክ፣ በጉምሩክና በገንዘብ ሚኒስቴር የምንሠራ ሁሉ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዘን መሄድ አለብን።